ስድስቱ ዳዶዎች

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሌይ የተሰኘችውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ፥ በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ፥ መንገድ ባልተጠረገበት አገር እየገፋና እያስገፋ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አበረከተ። ያው 1900 ዓ.ም. ሌላም ነገር የታየበት ዓመት ነው፤ ይኸውም ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ፋቂውን በሥራው ምክንያት መስደብን የከለከለው የንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጅ ነው። ሁለቱ ነገሮች እምብዛም አንድ ላይ አይነሡም። ነገር ግን መኪናው ገብቶ ቀጥቃጩ እንደ ተናቀ ቢቀር ኖሮ፥ ያንን መኪና የሚፈታና የሚገጥም እጅ ከወዴት ይገኝ ነበር?

ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ንቀቱን ጨርሶ አላጠፋውም። የተማረ ሰው እጅ ቀለም ይንካው እንጂ ግራሶ አይንካው የሚለው አስተሳሰብ ዛሬም በብዙ ቤት፥ በተለይም በመምህራን ቤት፥ ተሸሽጎ ይኖራል። ከነቀምቴ በስተ ምሥራቅ ባለችው በጉቴ ከተማ የሚኖር አንድ የፊዚክስ መምህር በአንድ የቅዳሜ ጧት ይህንን ነገር በገዛ ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት ገጠመው።

መምህሩ ያለችው መኪና ቮልስ ናት። ቮልስን ለአንባቢ ማስተዋወቅ አስፈላጊ አይመስልም። ሞተሯ ከኋላ፥ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት፥ ድምፅዋም ከሩቅ የሚለይ ናት። በጀርመን አገር በፈርዲናንድ ፖርሸ የተነደፈችው ይህች መኪና በመላው ዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ፥ የመጨረሻይቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጥታለች። በእኛ አገር ግን ገና ጡረታ አልወጣችም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን አጥብቆ መያዝ ግድ ሆኖበታል።

የመምህሩ ቮልስ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ሰርቪስ ስትደረግ የኖረችው በጋራዥ ነበር። የሚከፍለው ገንዘብ ከደመወዙ የማይመጣጠን መሆኑ አንዱ ምክንያት ሆኖ፥ ሁለተኛው ግን የበለጠ ያሳሰበው ነገር ነበር፤ ከጋራዥ በተመለሰች ቁጥር በቆመችበት መሬት ላይ የዘይት ነጠብጣብ ማየት ጀምሯል። በመጪው ሰኞ ደግሞ እናቱን ለዓይን ሕክምና ቀጠሮ ነቀምቴ ማድረስ አለበት። አሮጊቷ ሦስት ወር የጠበቁት ቀጠሮ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጋራዥ ቋንቋ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። በአገራችን ጋራዥ የገባ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ጣሊያንኛ ይናገራል። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛው ማኪና የመጣ ነው። ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ፒንሳ፥ ካቻቢቴ፥ ክሪክ፥ ኩሽኔታ፥ ዳዶ፥ ኮፈን፥ ሁሉም በዚያው በር የገቡ ናቸው። ካንዴላ ለጣሊያኑ ሻማ ነው፤ ማርሚታ ደግሞ ከጭስ ማውጫነቱ በፊት ትልቅ ድስት ነው። ወራሪው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ በአርበኞች ክንድ ተባረረ፤ ቃሉ ግን በመካኒኩ አፍ ላይ ቀርቶ፥ የመካኒኩ ንብረት ሆነ። የኦሮምኛ ተናጋሪው በበኩሉ ሌላ መንገድ መርጧል። ኮንኮላታ ይለዋል፤ የሚንከባለል ማለት ነው። ቃል ከሌላ ከመዋስ ነገሩ የሚያደርገውን አይቶ ስም ማውጣት ነው፤ ጉቴ ላይ ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ኮፈን ሥር ሲሠሩ ይሰማል።

ቅዳሜ ጧት መምህሩ አሮጌ ቱታ ለብሶ፥ በፎቶ ኮፒ የተባዛ የጥገና መምሪያ በድንጋይ አስደግፎ ሥራውን ጀመረ። የሥራው ቅደም ተከተል የራሱ ምክንያት አለው። የቫልቮቹ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ዘይቱ የሚፈሰው ግን ሞተሩ ሞቆ ነው፤ የሞቀ ዘይት ቀጥኖ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳልና። ስለዚህ መጀመሪያ ቫልቩ፥ ቀጥሎ ማሞቅ፥ ከዚያም ዘይቱ። ቮልስ ከመሬት ከፍ ያለች በመሆኗ ለዚህ ሥራ ክሪክ አያስፈልግም። ይህም መልካም ነው፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ለባለሙያውም የሞት አደጋ ነው። እሱም ጎማዎቹን በድንጋይ አግዶ፥ ማዳበሪያ አንጥፎ፥ በጀርባው ተንሸራተተ።

በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል የሚኖረው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ያልበለጠ ስስ የብረት ቅጠል በመካከል ገብቶ በጥቂቱ ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት። መምህሩ ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል የሚለውን ትምህርት ለዓመታት አስተምሯል። ኳሱን በእሳት እያሞቀ፥ ኳሱ በቀለበቱ አላልፍ ሲል ለተማሪዎች አሳይቷል። በፈተና ላይም ጠይቋል። ነገር ግን ያ ትምህርት አንድ ሰው በጣቱ ጫፍ የሚሰማው፥ ገንዘብ የሚያስከፍል፥ ሰው ከመንገድ የሚያስቀር ነገር መሆኑን እስከዚያች ጧት በእጁ ዳስሶ አያውቅም ነበር። በአንደኛው፥ በሁለተኛውና በአራተኛው ሲሊንደር ቅጠሉ ገባ። በሦስተኛው ግን የጭስ ማውጫው ቫልቭ አላስገባም አለ፤ ክፍተቱ ተዘግቷል።

በአሮጌዎቹ ቮልሶች ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ወደ ሦስተኛው በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ተገትሯል። በእኛ ከፍታ ነገሩ ይብሳል። ነቀምቴ አካባቢ መሬቱ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው። ክፍተቱ የተዘጋ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይከደንም፤ ያልተከደነ ቫልቭ በእሳት ይላሳል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል።

በዚህ መካከል ወደ ገበያ የሚወርዱ ተማሪዎች በአጥሩ በኩል ቆመው ያዩ ነበር። መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነው። መምህራቸውን ያለ ክራባት፥ ይልቁንም ፊቱ ጠቁሮ ከመኪና ሥር ሲወጣ ማየት ያስቃቸው ይሆናል። ከእነርሱ አንዷ ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ፥

«መምህር፥ ቀዳዳው ለምን ይተዋል? ቢገጥም አይሻልም?» ብላ ጠየቀች።

መምህሩ ስስ ቅጠሉን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ሰጣት። ብረቱ ሲግል የት እንደሚሄድ ንገሪኝ አላት። ልጅቱ ጥቂት አሰበች፤ ከዚያም እንደ ኳሱ ነዋ አለች። በክፍል ውስጥ ለዓመታት የተባለው ነገር በአጥር ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተባለ። (ለቤተ ሙከራ የሚሆን ገንዘብ የለም እያሉ የሚያዝኑ ርእሳነ መምህራን በከተማቸው ያለውን ጋራዥ ቢጎበኙ መልካም ነበር።)

ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዘይቱ ተለቀቀ። እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነበር። ቮልስ እንደ ዘመኑ መኪናዎች የሚጣል የወረቀት ፊልትሮ የላትም፤ በሆዷ ሥር ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊቱን የሚይዘው ክብ ክዳን በስድስት ትንንሽ ዳዶ ይታሰራል። መምህሩ ፈታቸው፤ ወንፊቱን በቤንዚን አጠበ፤ በጣቱም ዳሰሰ። የብረት ብናኝ ቢገኝ የሞተሩ ኩሽኔታ መበላቱን ይናገር ነበር። አልነበረም።

የተቃጠለው ዘይት ግን ሌላ ጉዳይ አመጣ። አንዲት ጎረቤት፥ መምህሩ አዴ እያለ የሚጠራቸው፥ ጀሪካን ይዘው መጡ። የሚፈልጉት ዘይቱን ነው። ወለጋን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም። ምስጥ የዚያ አገር የቆየ ጠላት ነው፤ የቤት ምሰሶ ይበላል፥ አጥር ይበላል፥ የቆመ በቆሎ ይጥላል። ምሰሶውን ከመትከል በፊት እግሩን የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው።

«አፍስሰህ ከምትጥለው ለእኔ ቤት ይሁነኝ» አሉ።

መምህሩ አመነታ። የተቃጠለ ዘይት በውስጡ ለጤና ጠንቅ የሆነ ነገር አለው፤ ወደ ምንጭ ከወረደም ውኃውን ያበላሻል። በሌላ በኩል ዘይቱ የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም፤ ከጓሮ ጉድጓድ ይልቅ የአንዲት ሴት ቤት ቢያቆም ይሻላል። ሰጣቸው፤ በእጅ ሳይሆን በጨርቅ ጠቅልለው በእንጨት እንዲቀቡት፥ ከምንጩም እንዲያርቁት ለመናቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ይህ መፍትሔ ንጹሕ ነው ለማለት አይቻልም፤ የነበረው ግን ይኸው ነው።

አዲሱ ጓርኒሲዮን ተቀመጠ፥ ወንፊቱ ተመለሰ፥ ዳዶዎቹ አንድ በአንድ በተሻጋሪ ተጠበቁ። አምስቱ ያዙ። ስድስተኛው ይዞራል እንጂ አይጠብቅም። የብሎኑ ጥርስ ተበልቷል፤ ከዚህ በፊት አንድ ሰው በጉልበት አጥብቆት ኖሮ የሞተሩ አካል ጥርሱን ለቋል። መሬት ላይ ይታይ የነበረው ነጠብጣብ ምንጩ ይኸው ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ቀጠሮው ሰኞ ነው፤ መኪናዋ ሆዷ ባዶ ሆኖ ቆማለች።

በሠፈሩ ውስጥ የወለጋን ቡና በፊያት የጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልሱ የኖሩ ሽማግሌ አሉ። መምህሩ ሄዶ፥ «አባባ፥ ቢያዩልኝ» አላቸው። መጡ። በጀርባቸው መተኛት ስለማይችሉ ተንበርክከው፥ ጣታቸውን ሰድደው ዳዶውን ነካኩት።

«ልጄ፥ ይሄን አታስገድደው» አሉ። «የቮልስ ሆድ የፊያት ሆድ አይደለም፤ ለስላሳ ብረት ነው። አምስቱ ይይዙልሃል። ይሄኛውን እስኪነካ ብቻ አስጠጋና ተወው። አዲስ ብሎን የሚገባለት በተርነሪ ቤት ነው፤ ሰኞ እዚያው ነቀምቴ ስትደርስ ታሠራዋለህ።»

«ከዚያ በፊት ቢያፈስስብኝስ?»

«ዛሬ ማታ ጋዜጣ አንጥፍባት። ጧት ጋዜጣው ይነግርሃል።»

መምህሩ ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ቀዳ። በማግስቱ ጧት ከጋዜጣው ላይ ሁለት ጠብታ አገኘ፤ ሁለቱም በስድስተኛው ዳዶ ትክክል ነበሩ። የሚያስፈራ ይሁን አይሁን ለማወቅ የራሱን የክፍል ዘዴ ተጠቀመ፤ በጠብታ ቆጥሮ፥ ወደ ሊትር ለውጦ፥ በሌሊቱ ሰዓት አካፈለ። በቆመበት ለብዙ ሳምንት የሚያዘልቅ ዘይት አላት። ሲነዳ ግን ዘይቱ ይሞቃል፥ ይቀጥናል፥ ግፊትም አለ፤ ይህንን የሚያሰላ ቀመር አልነበረውም። ለእናቱ ነገሩን ገልጾ በሚኒባስ መሄድን ሐሳብ አቀረበ።

እናቱ ከመደቡ ላይ ሆነው የሠራኸው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው ነው ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ አላቸው። እንግዲያው እጅህን ታጠብና ቁርስህን ብላ አሉት።

ሰኞ ጧት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ወጡ። ከጉቴ ጥቂት እንደ ራቁ መምህሩ ከመንገዱ ዳር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ፤ ዘይቱ ወደ ሆዷ እስኪወርድ ደቂቃዎች ጠብቆ ኮፈኑን ከፈተ። የመለኪያውን ዘንግ አውጥቶ በጨርቅ ጠረገ፥ መለሰ፥ እንደገና አወጣ። እናቱ ከመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው በደከመ ዓይናቸው ወደ እሱ አቅጣጫ ይመለከቱ ነበር። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፥ ወደ ላይኛው ተጠግቶ ቆሟል። ዘንጉን መልሶ ኮፈኑን ዘጋና ወደ ነቀምቴ ነዳ።