ከላምበረት እስከ ጫጫ፣ ከአምቡላንስ ሰዎች ጋር

ዓርብ። አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ሚኒባሱ ሞልቶ የወጣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ታሪፉ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ ረዳቱ የሚጠራው ሌላ ነው፤ 300 ብር ከፍዬ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። የምሄድባት ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ለገጣፎና ሰንዳፋ ካለፉ በኋላ ሜዳው ወለል ይላል፤ ኅዳር ገና መግባቱ ስለሆነ ገብሱ ግማሹ ታጭዶ ተከምሯል፣ ግማሹ እንደቆመ ነው፣ ሣሩ ላይ የሌሊቱ ውርጭ ገና አልቀለጠም። ተማሪዎች ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጀርባቸውን ለመኪና ሰጥተው፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይሄዳሉ፤ ሾፌራችን በየመቶ ሜትሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ እነሱም ዞር ብለው አያዩም። ሸኖ ላይ ቆምን። ዓርብ መሆኑን ማንም ከቁብ ሳይቆጥር ግማሹ ተሳፋሪ ወርዶ ለጋ ቅቤ ገዛ፣ እስከ ጫጫ ድረስ መኪናው ቅቤ ቅቤ ሸተተ።

የአምቡላንስ ሰዎቹ የመጀመሪያ እርዳታ የሚያስተምሩበት የደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ከተማው ዳር ነው። ብርዱ የሚገርም ነው፣ ልጆቹ ዩኒፎርማቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል። አምቡላንሷ ባንዲራው ሥር ቆማለች፣ የኋላ በሯ ተከፍቷል፣ የሚጠጋት ግን የለም። አንዱ ልጅ ጓደኛውን በክርን ጎሸም አድርጎ «ሬሳ የሚጭነው ነው?» አለው፤ ያኛው ደግሞ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው «አይደለም፣ የወላድ ነው» አለ። ሁለተኛው ብዙም አልተሳሳተም። መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያድል አንዱ ዋና ዓላማው እናቶችን ጤና ጣቢያ ማድረስ ስለነበር፣ ለሌላ አደጋ መጥራት ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው በገጠር ብዙ አይደለም። የአምቡላንሷ ሾፌር ልጆቹን በአምስት በአምስት እያስገባ ቃሬዛው ላይ አስተኛቸው፣ የኦክስጅኑን ጭንብል አስነካቸው፣ ፍርሃቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወደ ግፊያ ተለወጠ።

ከዚያ ነርሷ ቀጠለች፤ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት። ምጣድ ቢያቃጥላችሁ ቤት ውስጥ ምን ይቀቧችኋል ብላ ጠየቀች። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የቡና አተላ፤ መልሱ ከየአቅጣጫው ዘነበ። «ከሳሙናውና ከአተላው በቀር ሁሉም የሚበላ ነው፣ ብሉት» አለች። ቁስሉ ላይ የሚደረገው ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው፣ ለ20 ደቂቃ፣ እየወረደ። ከኋላ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች፤ «ቲቸር፣ ቧንቧው የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው።» ሲስተር ትንሽ አሰበችና ከጀሪካን በጆግ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ ከሥር ንጹሕ ሳፋ አድርጉ፣ የተጠራቀመውን መልሳችሁ አፍስሱት አለች። ከዚያ ቀን ትምህርት ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው፤ ፖስተሩ ላይ የተሳለው የቧንቧ ውኃ ብቻ ነበርና። ኅዳር 12 ስለተቃረበም ስለ እሳቱ አነሳች። ከ1911 የኅዳር በሽታ ወዲህ ቆሻሻ የማጨሱ ልማድ ሳይቋረጥ ለእነዚህ ልጆችም ደርሷል፤ የሽቶ ጣሳና ባትሪ እሳት ውስጥ እንዳትጥሉ ስትል ወንዶቹ ተያይተው ሳቁ፣ ምን ያውቁ እንደነበር አልነገሩንም።

ረጅሙ ትምህርት የስልኩ ነበር። ሾፌሩ የተሰበረ ስልክ ለአንዱ ልጅ ሰጥቶ ራሱ ጥሪ ተቀባይ ሆነ። «አባቴ ወደቀ!» አለ ልጁ። «የት?» «ቤት።» «ቤትህ የት ነው?» «እኛ ሰፈር።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ሾፌሩ ግን አልሳቀም። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ቦታ ለማግኘት በማይረዳበት ከተማ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በስተቀኝ፣ ሰማያዊ በር ማለት መቻል ራሱ ትምህርት ነው። ሂሳብ ሊያልቅ ባትሪ ሊሞት ስለሚችል መጀመሪያ የሚነገረው ቦታው ነው፣ ምን እንደሆነ ቀጥሎ፤ ዝጋ ሳይሉህ አትዝጋ፣ አንድ ሰው አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ነጠላ እያውለበለበ ይጠብቅ። ልጆቹ የየቤታቸውን አቅጣጫ ጽፈው እንዲያመጡ ታዘዙ።

ምሳ በያይነቱ በላሁ። ማታ አልጋ በ600 ብር ተከራየሁ፣ የእንግዳ ማረፊያው ልጅ «ጋሼ፣ ከሰል ላስገባልዎት? ቀልቷል፣ ጭስ የለውም» አለኝ። ሲስተር ከሰዓት በኋላ ስትወተውት የዋለችው እሱኑ ነው፤ የቀላ ከሰል የሚያወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ በተዘጋ ክፍል ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢያመጣም የተኛ ሰው ሳይሰማው ይሞታል። በምትኩ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠየቅኩ። እዚሁ ከተማ የተሠራ ነው ብሎ በኩራት አመጣልኝ፣ እውነትም ይከብዳል።

ቅዳሜ የባጃጅ ሾፌሮች ተሰበሰቡ። አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚያነሣው ባጃጅ ነውና ይህ ሥልጠና ብልህነት ነው። የወደቀን ሰው በብብትና በጉልበቱ አንሥቶ አጥፎ መጫን አከርካሪውን እንደሚጎዳ፣ የሚደማን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ እጅን አለማንሣት እንደሚገባ አሳዩዋቸው። ሻይ ላይ የአምቡላንሷ ሾፌር የሙያውን ታሪክ አወራኝ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የተቋቋመው በ1927 ነው፣ ጣልያን ሊወርረን ወራት ሲቀሩት፤ የአምቡላንስ መጥሪያ ቁጥሩን 907ን አዲስ አበቤ ሁሉ ያውቀዋል። የማደንዘዣ ነርሱ ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ በሦስት መኪና ጠብታ አምቡላንስን መመሥረቱን ግን የነገረኝ ስለ ታላቅ ወንድሙ እንደሚያወራ ሰው ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጫጫ፤ 20 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ 60 ብር። እድርተኛው በድንኳን ሥር ተቀምጧል፣ ሽማግሌዎቹ በርኖስ ለብሰዋል፣ ቆሎና ጠላ ዞረ። እዚህ ሲስተር ድምፅዋን ቀየረች፣ ቀልዱም ቀረ። የሚጥል በሽታ ሲይዝ ሰውየውን በጎኑ አስተኙ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቱ ስትል አንድ አዛውንት ተነሡ። «ልጄ፣ እኔ በክብሪት ስንቱን አስነሥቻለሁ።» ሰው ሁሉ ዝም አለ። «አባባ፣ እርስዎ ክብሪቱን እስኪፈልጉ በሽታው በራሱ ይለቅቃል፤ እስኪለቅቅ አጠገቡ ሆነው ራሱን ከድንጋይ ይጠብቁለት» አለቻቸው። አዛውንቱ አልተስማሙም፣ ቁጭ አሉ ብቻ። የልጅ ልጃቸው ግን የት እንደተማረች እንጃ ከኋላቸው ሆና «በጎኑ ነው፣ አባባ» ስትል ቆጣ ብለው ዞሩ፣ ከዚያም ሳቁ። ልጅ የተማረውን ቤት ያስገባል ይባላል፤ ለታላቅ እንዴት ብሎ እንደሚናገር ግን ሥልጠናው ውስጥ አላየሁም፣ እኔም ከዚህ የከበደ ነገር አልታየኝም።

የከረረው ክርክር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዲት እናት ተነሥተው እድሩ ለቀብር ገንዘብ አለው፣ ሰው ሳይሞት ሆስፒታል ለማድረሻ ለምን አይኖረውም አሉ። ሊቀመንበሩ ደንቡ አይፈቅድም አሉ፣ ጸሐፊው ደንብ የሚለወጥ ነው አለ፣ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡ ይታይ አለ፣ አንዱ ወጣት ደግሞ ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት አስፋልት ላይ ነጠላ የሚያውለበልበው ማን እንደሆነ ይወሰን ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ በአጀንዳ ተያዘ። የአምቡላንሱን ስልክ ጸሐፊው የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ በከሰል ጻፈው፣ በኋላ በቀለም ይጻፋል ተባለ። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ከጫጫ 250 ብር አስከፈሉኝ።