የራስ ቅሉ ምን እያለ ነው?

እኛ የላብራቶሪ ምልክቶችን የተማርነው ለፈተና ነው። የራስ ቅልና አጥንት መርዝ፣ ነበልባል ተቀጣጣይ፤ ጽፈን ወጣን። ፎገራ ላይ ግን ላብራቶሪው ማሳው ነው።

ከወረታ ወጣ ስንል ክረምት ሩዝ፣ በጋ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ካለ ርጭት አለ። የፀረ ተባይ ጠርሙስ ግርጌ ላይ ያለችው የቀለም መስመር ትናገራለች፦ ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ዝቅ ያለ፣ አረንጓዴ በአግባቡ ከተያዘ ብዙም የማያሰጋ። የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ደግሞ «ወንዝ አታስገቡኝ» ነው። ርብና ጉማራ የሚገቡት ጣና ነው፤ ዓሣውን የምንበላው እኛው።

ምልክት ግን ካላስተማሩት ሥዕል ነው። ገበሬው የራስ ቅሉን አይቶ «ተባይ የሚፈጅ፣ ጠንካራ ነው» ቢል ምን ይፈረድበታል? መርዙን «መድኃኒት» ብለን የምንጠራው ሁላችንም አይደለን? መድኃኒት የሚፈራ ማን አለ?

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጅ ግን በእግሩ ማሳ አይወርድም። እናላችሁ፣ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ የምትሄዱ፣ ጠርሙሱን አንሱና ለአባታችሁ አንብቡላቸው። ባዶውም የውኃ መቅጃ እንዳይሆን። ስሙንም ከዛሬ ጀምሮ መርዝ እንበለው።