ከጀላባ ሰፈር እስከ ጎሮም

እ.ኤ.አ. ጥር 2025 በሱዳኗ ከተማ ወድ መደኒ ውስጥ ደቡብ ሱዳናውያን ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ጁባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ቁጣው በሱዳናውያን ሱቆች ላይ ወረደ። ዕቃ ተዘረፈ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ፖሊስም 16 ሱዳናውያን መገደላቸውን ተናገረ። የሞቱት ወድ መደኒ ላይ ጥይት የተኮሱት አይደሉም።

*

ቂሙ ግን ከባዶ አልመጣም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1922 የሱዳንን ደቡብ ዘግተው የሰሜኑን ነጋዴ፣ ጀላባውን፣ አገዱት። ነፃነት ሲቃረብ በሩ ተከፈተ፤ ቋንቋው፣ ንግድ ፈቃዱ፣ ቢሮው ሁሉ ከሰሜኑ ሰው ጋር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1954 እንግሊዞች ከለቀቋቸው 800 ገደማ የመንግሥት ሥራዎች ለደቡብ ሰዎች የደረሱት 6 ብቻ ነበሩ። ይህን ከአባቱ የሰማ ልጅ ቢመረው አልፈርድበትም።

*

ጁባ ውስጥ ሃይ ጀላባ የሚባለው ሰፈር ከዚያ በፊት የግሪኮች ነበር። በመሀል ከተማ ካሉት አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹን የሠሩት እነሱ ናቸው። ግሪኮቹ ሄዱ፣ ጀላባው ገባ። አሁን በገበያው ጎልተን የምንታየው እኛ ኢትዮጵያውያን ነን።

*

ሀብት ያካበተው ጀላባ መውጫ አላጣም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023ቱ የሱዳን ጦርነት ወዲህ በድንበር ከተማዋ በሬንክ በኩል የገባው ግን ሌላ ሰው ነው፦ የካርቱም መምህር፣ የኦምዱርማን ሻይ ሻጭ፣ ልጆቿን ያዘለች እናት። የአንዱን ብድር ሌላው በመልኩ እየከፈለ ነው፤ ይህ ግፍ ነው።

*

ከጁባ ወጣ ብሎ ጎሮም የሚባል የስደተኞች ሰፈር አለ። ለ2,500 ሰው ገደማ የታሰበ ነበር፤ ቀድመው የሰፈሩበትም ከጋምቤላ የሸሹ አኙዋኮች ናቸው። በኋላ ከ10,000 በላይ ሱዳናውያን መጡ። የእኛ አገር ስደተኛ ቤት ያፈራውን ለሱዳናዊው አካፈለ። ስለዚህ ደግነት ሲወራ ብዙ አልሰማሁም፤ ሊወራ ይገባል።

*

ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሰሜንና የደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነት ወዲህ ጁባን በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በውሃ ቦቴ ሞልተናታል። የሠሩ እጆች ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ግን በጁባው የኮንዮ ኮንዮ ገበያ በእኛ ሰዎች ሱቅ ጫኝና አውራጅ የሆነ የአገሬው ወጣት እንጂ ሒሳብ የሚይዝ፣ ቁልፍ የሚረከብ ብዙ አላየሁም። ጀላባም ሒሳቡን ለወንድሙ ልጅ ነበር የሚሰጠው። የእኛ ባለሱቆች ዘንድሮ አንድ የአገሬውን የባሪ ጎሳ ልጅ ከጆንያው አንስተው መዝገቡ ላይ ቢያስቀምጡ ደስ ይለኛል።