«ሀ»ን የመሰለ ትራስ

መንገድ የመምህር ዕጣው ነው። ከማሠልጠኛ የወጣ ሁሉ አንድ ቀን ሻንጣውን አንጠልጥሎ አውቶቡስ መሳፈሩ አይቀርም፤ አንዱ ለማስተማር ልምምድ፣ ሌላው ለምደባ፣ ሌላውም ቤተሰብ ለመጠየቅ። ታዲያ በዚህ በግድግዳ ጋዜጣችን ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ ሰሌዳ አያያዝና ስለ ጠመኔ ቁጠባ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መንገደኛው መምህር አንገት ግን እስከ ዛሬ ማንም ትንፍሽ አላለም። እኛ ዛሬ የምናነሣው ይህንኑ የተረሳ አንገት ነው። «ደግሞ ይኼ ምን ዓይነት ርዕስ ነው!» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ፣ ግን ሳያነብ አይለፍብን።

እንደሚታወቀው ከጉለሌ ተነሥቶ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ጎሕ ሳይቀድ ነው። አውቶቡሱ እንዳያመልጠው እያሰበ ሲገላበጥ ስላደረ ገና ከከተማ ሳይወጣ እንቅልፍ ይጥለዋል። መንገዱ ደግሞ አጭር አይደለም፤ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አርባ ምንጭ በሻሸመኔ በኩል ሲኬድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ነቅተን ሳለን ይህን ሸክም የአንገት ጡንቻዎች ሳይታወቀን ይዘውት ይውላሉ። እንቅልፍ ሲመጣ ግን ጡንቻዎቹ ይላላሉ፤ ያን ጊዜ ጭንቅላት ወደ ጎን ይዘነበላል ወይም ወደ ፊት ይደፋል፣ በየጉድጓዱ ይናጣል፣ ሲብስም የማናውቀው ሰው ትከሻ ላይ ሄዶ ያርፋል። ሲወርዱ አንገት እንደ ግንድ ደርቋል። በማግስቱ ክፍል ገብቶ ወደ ሰሌዳው ለመዞር ወገብም አብሮ መዞር አለበት። ልጆች ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ያዩትን አይረሱም፤ «ግትሩ ቲቸር» የሚል ስም ከወጣ ዓመቱን ሙሉ አይለቅም።

አንገትን የማሳረፍ ጉዳይ የዛሬ ጭንቀት አይደለም። በአገራችን በብዙ ቦታ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ብርኩማ ነበር፤ ዛሬም ያለበት አለ። ሰው አንገቱን በዚያ ላይ አስደግፎ ሲተኛ የተሠራ ፀጉሩ አይበላሽም፤ ከብት ጠባቂውም በእጁ ይዞት ይሄዳል፣ ሲደክመው ይቀመጥበታል፣ ሲመሽ ይንተራሰዋል። በ1915 ዓ.ም. የግብፁ ፈርዖን የቱታንካሙን መቃብር ሲገኝ በውስጡ ከነበሩት ዕቃዎች መካከል እንዲህ ያሉ የራስ ማስደገፊያዎች ይገኙበታል። እንግዲህ ንጉሡም እረኛውም ለአንገታቸው አስበው ነበር ማለት ነው፤ የቀረነው እኛ ነን።

ዘንድሮ ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት በአንድ መኝታ ክፍል ያለን ስድስት ሠልጣኞች ይህንኑ አንሥተን ስንጫወት አንዱ ጓደኛችን ከመንገድ ዳር የገዛውን የአንገት ትራስ አወጣ። ተራ በተራ ሞከርነው። ዙሪያውን እኩል የወፈረ ስለሆነ ከኋላ ያለው ክፍል ጭንቅላትን ወደ ፊት ይገፋል፤ ጎንና ጎኑ ግን ለስላሳ ብቻ ነው፣ ሲደገፉት ይሟሽሻል። ይኸውም ትራሱ ድጋፍ የሚሰጠው በማያስፈልግበት ቦታ ነው። ባለቤቱን አስፈቅደን ስፌቱን ተረተርነውና ወረቀት ላይ ዘርግተን ዙሪያውን በእርሳስ አነሣነው። ወረቀቱ ላይ የታየው ምን ይመስላችኋል? «ሀ» ነው! ፊደል የሚጀመርበት፣ እኛም አንደኛ ክፍል ስንገባ የጮህንበት «ሀ»። ከዚያማ እኛም ሀ ብለን ጀመርን።

ለጥጡ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ሸማኔዎች ጉለሌ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል፤ እኛ ግን በእነርሱ ደጅ ስንመላለስ ጋቢና ነጠላ ከማየት አልፈን ስለ ሥራው ጠይቀን አናውቅም ነበር። አንድ ሽማግሌ መወርወሪያቸውን አስቀምጠው የመጣንበትን ሰሙን። «አባባ፣ ለመንገድ የሚሆን ትራስ ልንሰፋ ነው» ስንላቸው ሳቁ፤ «እኔ ለመስቀል አገሬ ስገባ ጋቢዬን ጠቅልዬ ነው አንገቴ ሥር የምሸጉጠው። የእናንተ ይሻላል፤ ግን ልጆቼ፣ ጥጡን ፍሬውን ሳታወጡ እንዳትከቱት፣ ይጎረብጣችኋል» አሉን። ባለቤታቸው ደግሞ ፍሬው የወጣለት ጥጥ በደጋን ሲነደፍ እንዴት ተፍታትቶ ባዘቶ እንደሚሆን አሳዩን። ጥጥ እንደ ታመቀ ከገባ በሳምንት ይጓጉላል፤ ተነድፎ ከገባ ግን አየር ስለሚይዝ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሣል። ሽማግሌው ከሽመና የተረፈ ቁርጥራጭ ክር በፌስታል ሞልተው ጨመሩልን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የእኛ ድር አንገት ያዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መርፌ ይዘን ስንቀመጥ በመስኮት አይቶ «ምነው፣ ሴት ሆናችሁ?» ያለን አልታጣም። ለመሆኑ ያ ወንድማችን የለበሰውን ሱሪ ማን ሰፋው? በየገበያው በስፌት መኪና ተቀምጦ የሚውለው አብዛኛው ወንድ አይደለም ወይ? ሸማውንስ የሚሸምነው ማን ነው? ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ ሁለቱም በክር ነው የሚያድሩት። የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን ሥሩ የቆየ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሸማኔውንና ብረት ሠሪውን በሥራው መስደብ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ነገር ግን መምህር ራሱ መርፌ ለመያዝ ካፈረ አዋጁ ክፍል ውስጥ ማን ያስከብረዋል?

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። የሚያስፈልገው ግማሽ ሜትር አቡጀዲ፣ ከሩብ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ባዘቶ፣ መርፌ፣ ጠንካራ ክር፣ መቀስና አንድ አሮጌ ጋዜጣ ነው።

መጀመሪያ ጋዜጣውን ለሁለት አጥፎ በእጥፋቱ በኩል የ«ሀ»ን ግማሽ መሣል ነው። ከእጥፋቱ እስከ ውስጠኛው ጠርዝ 6 ሴንቲ ሜትር፣ የክንዱ ስፋት 13 ሴንቲ ሜትር፣ ጠቅላላ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከኋላ፣ ማጅራት የሚያርፍበት የ«ሀ» ሥር ግን ከ9 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማዕዘኖቹን ክብ ማድረግ ነው። ወረቀቱ ሲቆረጥና ሲዘረጋ ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ። ከመቀጠል በፊት ወረቀቱን አንገት ላይ አድርጎ መለካት ይገባል፤ አንገቱ ወፍራም የሆነ የውስጡን ክፍተት ይጨምር።

ቀጥሎ አቡጀዲውን ደርቦ፣ ለስፌት 1 ሴንቲ ሜትር ዙሪያውን ተርፎ ሁለት ቅድ ማውጣት። የጨርቁን ፊት ወደ ውስጥ አድርጎ መርፌውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሱ ዙሪያውን መስፋት፤ እንዲህ ያለ ስፌት አንዱ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ሁሉም አይተረተርም። በውጭው ጠርዝ በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይሰፋ ይተው። በውስጠኛው ጥምዝ ላይ ክሩን ሳይነኩ ጨርቁን በመቀስ ጫፍ ጫፉን መብጣት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ ሲገለበጥ ይጨማደዳል። ከዚያ በቀዳዳው ገልብጦ መሙላት ነው፤ ሁለቱን ክንዶች ጠቅጠቅ፣ ከኋላ ሳሳ። ቁርጥራጩን ክር ከክንዶቹ መሐል ላይ፣ ባዘቶውን በዙሪያው ብናደርገው ጎኑ ይጠነክራል፣ ቆዳ የሚነካው ግን ለስላሳ ይሆናል። ቀዳዳው በእጅ ይዘጋል።

በመጨረሻም በሁለቱ ጫፎች ላይ አንዳንድ ማሰሪያ ክር መስፋት ነው፤ አገጭ ሥር ሲታሰር ትራሱ አይንሸራተትም። ጭንቅላቱ ወደ ፊት የሚደፋበት ሰው ደግሞ ትራሱን አዙሮ ክፍተቱን ወደ ኋላ ቢያደርገው አገጩን ይደግፍለታል። ላብና አቧራ ስለማይቀር ከማይለበስ ሸሚዝ የትራስ ልብስ ሠርቶ ማልበስና ያንን ብቻ ማጠብ ይበቃል። ትራሱን ራሱን አልፎ አልፎ ፀሐይ ላይ አስጥቶ በእጅ መፍታታት እንጂ ውኃ ውስጥ መንከር ጥጡን ያጓጉለዋል።

በልምምዱ ጉዞ ስድስታችንም ትራሳችንን አስረን ተሳፈርን። የአውቶቡሱ ረዳት መጀመሪያ «አደጋ ደርሶባችሁ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። እኩለ ቀን ላይ ግን «እስቲ አንዷን አውሱኝ» አለ። አንገታችን ደህና ሆኖ ደረስን፤ ይህ ለብቻው በቂ ነበር። ግን ሌላም ነገር ይዘን ደረስን። በአራተኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያንኑ የጋዜጣ ልክ አውጥተን ልጆቹ ፊት አጠፍነውና ዘረጋነው፤ ግማሹ ግማሹን ሲመስል ዓይናቸው በራ። ሴንቲ ሜትሩን ራሳቸው ለኩ። አንዲት ልጅ «እናቴ ትፈትላለች» ብላ ለመናገር ተነሣች፤ መምህሯ እንደ ነገሩን ከዚያ ቀን በፊት ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም። የትምህርት መርጃ መሣሪያ የለም እያልን ስናማርር የኖርን ሰዎች መሣሪያውን አንገታችን ላይ አስረን ነበር የሄድነው።

ስለዚህ ሠልጣኝ ወንድሞችና እኅቶች፣ ክቡራን መምህራኖቻችንም፣ የወረቀቱ ልክ ከዚህ ጋዜጣ ሥር በምስማር ተንጠልጥሏል። አንሥቶ መገልበጥ ለሁሉም ይፈቀዳል፤ መልሶ መስቀል ግን ግዴታ ነው። መርፌ የሌለው መኝታ ክፍላችን ይምጣ፣ እናውሳለን።