እምነት ስላጣንበት

ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ለመርጃ መሣሪያ መሥሪያ እያንዳንዳችን 50 ብር አዋጥተን ነበር። 42 ነን፤ ድምሩ 2,100 ብር ነው። ገንዘቡን እንዲይዝ የመረጥነው ጓደኛችን አያቱ አርፈውበት ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ለለቅሶ በሄደበት ሳምንት፣ ማኒላ ወረቀቱም ማርከሩም አልተገዛም የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬ ደግሞ እኛ ዘንድ እግር አያጣም። ማክሰኞ ማታ ተሰበሰብን፤ በግማሽ ሰዓት ጨርሰን ተበተንን። ቃለ ጉባኤው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እምነት ስላጣንበት ከኃላፊነቱ በሙሉ ድምፅ አንስተነዋል።» እጁን ያላወጣ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ስለ መንግሥት ሠራተኛ መብት በክፍል ስንወያይ መምህራችን አንድ ደንብ ይዘው መጡ፤ ቁጥር 155/2000፣ የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች ይተዳደሩበት የነበረው። አንቀጽ 37 ላይ ሲደርሱ እርስ በርስ ተያየን። ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል ማሰናበት ይችላል። የተሰናበተውም በማናቸውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው ሊመለስ አይችልም። ያችው የእኛ ምክንያት እዚያ ቁጭ ብላ አገኘናት!

የሚገርመው የቁጥሩ መገጣጠም ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 37 አለው፤ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ፍርድ የማግኘት መብት አለው ይላል። አንዱ 37 በሩን ይከፍታል፣ ሌላው 37 ይቀረቅረዋል።

ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ እኮ እንዲህ አይሰናበትም። ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፣ መልስ ይሰጣል፣ ምስክር ያሰማል፣ ቅር ቢለው ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል፤ የሕግ ስህተት ካለም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሰረቅህ የተባለ ሰው ደረሰኝ ያወጣል፤ ከሥራ ቀረህ የተባለ የሐኪም ወረቀት ያመጣል። እምነት አጣሁብህ የተባለውስ ምን ያምጣ? በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ላለ ነገር ምስክር አይቆጠርም።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም አንልም። ጉቦ ሰጪና ተቀባይ በሚደባበቁበት ሥራ ማስረጃ ማግኘት ይቸግራል። ግን የሆነውን እንይ። የዚያው መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ሰው በ2005 ዓ.ም. ራሳቸው በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸው በመጀመሪያ ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከታየ ይግባኝ የሚሉበት አይኖርም የሚለው ክርክር እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰና በ2006 ዓ.ም. የይግባኝ መብታቸው ተጠበቀ። በ2010 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። መብታቸው መከበሩ ደስ ይለናል እንጂ አይከፋንም። ደንቡ ለተራው ሠራተኛ ግን አንዱንም ደረጃ አልተወለትም ነበር።

ያ ባለሥልጣን ዛሬ የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የገቢዎች ሚኒስቴርና የጉምሩክ ኮሚሽን ተተክተውበታል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ወጥቶ የመሥሪያ ቤት ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚመረመርበትን መንገድ ዘርግቷል። ነገሩ የጉምሩክ ብቻ እንዳይመስለን፤ በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን በደብዳቤ ተሰናብተዋል። ነገ መምህራን ነን።

«ቢሰርቅስ?» ያለ አልጠፋም። መምህራችን የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነገሩን። የብራይተን ከተማ ፖሊስ አዛዥ ቻርልስ ሪጅ ተከሶ ነፃ ወጣ፤ የከተማው ኮሚቴ ግን ሳይሰማው እ.ኤ.አ. በ1958 አባረረው። ነገሩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ1963 ስንብቱ እንዳልነበረ ይቆጠር ተባለ። ዳኞቹ ጥሩ አዛዥ ነበር አላሉም፤ አልተሰማም ነው ያሉት።

ብራይተን ድረስ መሄድ እንኳ አያሻንም ነበር። እኛ የሀዲያና የከምባታ ልጆች «ሴራ» ስንል አማርኛ ተናጋሪው ይደነግጣል፤ ለእሱ ተንኮል ነው፣ ለእኛ የአባቶች ሕግ ነው። ሽማግሌዎች ሥር ተቀምጠን ያደግን ልጆች ከሳሽ ብቻውን ተሰምቶ ሲፈረድ አላየንም። ኧረ ማክሰኞ ማታ ምን ነክቶን ነበር?

ሰኞ ጓደኛችን ተመለሰ። ውሳኔውን ማንም አልነገረውም፤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አነበበው። በማግስቱ ሰብሰብ ብለን ጠራነው። «ጨርሳችሁ የለ እንዴ? አሁን ምን ልናገር?» አለ። ለምነነው ተናገረ። 1,700 ብሩን ለጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ቀብድ ከፍሎ ደረሰኝ ይዟል፤ የዘገየው ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነው። 310 ብር በእጁ አለ። ለ90 ብሩ ግን ደረሰኝ የለውም፤ ለመኪና አወጣሁት አለ፣ በኋላም ከኪሱ ተካው።

የፊተኛውን ውሳኔ ሰርዘን ገንዘብ ያዥነቱን መልሰን ሰጠነው። አልወስድም አለ። መዝገቡ አሁን ጸሐፊዋ ዘንድ ነው።