ጓንግ ይዞት የሚሄደው አፈር

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዘዞ ይወጣል፤ አይከልን ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ቆላው ይወርዳል። ደጋው ላይ ጋቢ ያስለብሳል። ገንዳ ውሃ ሲደርሱ ግን ጋቢው ሸክም ይሆናል። ገብስና ባቄላው ቀርቶ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይታያል። የመንገዱ መጨረሻ መተማ ዮሐንስ ነው። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሲዋጉ ቆስለው የወደቁት በዚህ ነው። ከማዶ የሱዳን ጋላባት ትታያለች።

በዚሁ አቅጣጫ አንድ ወንዝም ይወርዳል። ስሙ ጓንግ ነው። ከጭልጋ ደጋ ተነሥቶ በመተማ ቆላ አድርጎ ሱዳን ይገባል። ድንበር ሲሻገር ስሙ ይለወጣል፤ ሱዳኖች አትባራ ይሉታል። በበጋ ውሃው ይከሳል። በክረምት ግን ጓንግን ያየ ሰው “ውሃ አየሁ” አይልም፤ “የሚሄድ ጭቃ አየሁ” ይላል።

ይህ ጭቃ የት ይደርሳል?

ሱዳን ውስጥ ኻሽም ኤል ጊርባ የሚባል ቦታ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ይኸው ወንዝ እዚያ ተገደበ። ነገሩ እንዲህ ነው። ግብፅ ትልቁን የአስዋን ግድብ ስትሠራ፣ የሚተኛው ውሃ ዋዲ ሃልፋን የሚያሰጥም ሆነ። ዋዲ ሃልፋ የሱዳን ከተማ ነበረች። 50 ሺህ ያህል ሰዎች ቤታቸውንና የቴምር ዛፋቸውን ትተው ተነሡ። በጊርባ ግድብ ውሃ እንዲያርሱ ወደዚያ ተወሰዱ። አዲሱ አገራቸው አዲስ ሃልፋ ተባለ። ጥጥ፣ ስንዴና ለውዝ ዘሩ።

ግድቡ እንዳለቀ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ ነበር። አንድ ሜትር ኩብ ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ ነው። እየዋለ እያደረ ግን የግድቡን ግማሽ ያህል ደለል ያዘው። ጋን ውስጥ አፈር ቢገባ ጋኑ ያው ነው፤ የሚይዘው ጠላ ግን ያንሳል። በየክረምቱ የግድቡ በር እየተከፈተ ደለሉ በጎርፍ እንዲታጠብ ተደረገ። ይህ ረዳ እንጂ አላዳነም። ውሃው ሲያንስ በመስኖ የሚለማው መሬትም አነሰ።

የግድብን ውሃ ለማብዛት ሦስት መንገድ አለ። ግንቡን ከፍ ማድረግ፣ ደለሉን ማውጣት፣ ወይም ሌላ ግድብ መጨመር ነው። ሱዳን በዓባይ ላይ ያለውን የሮዛሪስን ግድብ በ10 ሜትር ከፍ አድርጋ በ2013 ጨረሰች። በአትባራ ግን ሌላ ግድብ መጨመርን መረጠች። ከጊርባ በላይ ሩሜላና ቡርዳና የሚባሉ ሁለት ተያያዥ ግድቦች ተሠርተው በ2017 ተመረቁ። አንዱ በአትባራ፣ አንዱ በሰቲት ላይ ነው። ሰቲት ማለት የእኛው ተከዜ ነው። እነዚህም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ትልቅ ነው። ነገር ግን አዲሶቹም ግድቦች የሚቀበሉት ያንኑ ድፍርስ ውሃ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ግድብ ቢሰፋ፣ ቦዩ ካልተጠረገ ውሃው ማሳ አይደርስም። ቦይን ደለልና አረም ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ከራስጌ ያለው ገበሬ ይጠግባል፤ ከግርጌ ያለው ተራውን ሲጠብቅ ሰብሉ ይደርቅበታል። ስለዚህ ግድብን የሚመዝን ሰው ግንቡን ብቻ አይቶ አይመለስ። ቦዩን ተከትሎ በእግሩ ይሂድ። የመጨረሻውን ገበሬ “ውሃው እዚህ ይደርሳል ወይ?” ብሎ ይጠይቅ።

ደለሉ ከሌላ ዓለም የመጣ አይደለም። ጭልጋ ላይ፣ እርከን ከሌለው ተዳፋት ማሳ የታጠበ አፈር ነው። ላይኛው ገበሬ አፈሩን ሲያጣ የታችኛው ገበሬ ውሃውን ያጣል። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የተሠራው የአንገረብ ግድብም በደለል ተቸግሯል። እርከን የሚሠራ ሰው የራሱን ማሳ ያድናል፤ የማያውቀውን ሰው ግድብም ይጠብቃል።

እስቲ እንወያይ።
1. በእኛ ቀበሌ ጎርፍ አፈር የሚወስደው ከየትኛው ማሳ ነው?
2. “ግድብ ሊሰፋላችሁ ነው” ብንባል፣ የሚነሣው ማን እንደሆነ፣ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ፣ ውሃው የት ድረስ እንደሚሄድ እንጠይቃለን ወይ?