የአጎቴ ሜዳይና የባልቻ መድፍ

ባለፈው ዓመት አጎቴን ሐረር ላይ ቀበርን። ከሸዋ በር ወጣ ብሎ በሚገኘው ቤታቸው፣ ከአልጋቸው ሥር በነበረ የብረት ሳጥን ውስጥ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ የጀግንነት ሜዳይ አገኘን። አጎቴ የመድፈኛ መኰንን ነበሩ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ ጠላት ወደ ሐረር በገሠገሠ ጊዜ፣ በባቢሌ በኩል መድፍ ካሰለፉት መካከል አንዱ ናቸው።

ሜዳዩ በቀብሩ ዕለት ከአስከሬኑ ፊት ይያዝ አልኩ። የአጎቴ ልጅ ግን «ይህን የሸለመው መንግሥት የእናቴን ወንድም በቀይ ሽብር ገድሎታል፤ እናቴ እያየች ይህ አይሆንም» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሜዳዩ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። የዚያን ዕለት ያጣሁትን መልስ ዛሬ ልሞክረው።

የመድፈኛ ጀግንነት ለወግ አይመችም። ዓሊ በርኬ ታንክ ላይ ወጥቶ ቦምብ ጣለ፤ ለገሠ ተፈራ የጠላትን አውሮፕላኖች መትቶ ጣለ፤ ይህ ይቆጠራል፣ ይተረካል። መድፈኛ ግን የመታውን አያይም። የእርሱ ጀግንነት የጠላት መድፍ አጸፋውን ሲመልስ ከቦታው አለመነቃነቅ ነው። አጎቴም ስለ ሜዳዩ ሲጠየቁ «ጥይት ያቀበሉኝ ልጆች ናቸው» ከማለት በቀር ሌላ አይጨምሩም ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ስትወጣ ከእነዚያ ልጆች ሁለቱ አልነበሩም።

ሐረር መድፈኛን ቀድሞም ታውቃለች። በዐድዋ በመድፍ ተኳሽነቱ ስሙ የገነነው ባልቻ ሳፎ፣ ኋላ ደጃዝማች ተብሎ፣ ተፈሪ መኰንን በ1902 ዓ.ም. ከመሾማቸው በፊት የሐረር ገዢ ነበር። በ1920 ዓ.ም. እኒሁ ተፈሪ ሹመቱንም ሠራዊቱንም ገፈፉት። ቂም ይዞ ቢቀር ማን ይፈርድበት ነበር? ሆኖም ፋሽስት ኢጣልያ አገሪቱን በወረረች ጊዜ ሽማግሌው ባልቻ እንደገና ወጥቶ ተዋግቶ ወደቀ። የተዋጋው ለገፈፈው መንግሥት አልነበረም።

በእኛ አገር እያንዳንዱ መንግሥት ጀግናን የራሱ ንብረት አድርጎ ይሸልማል፤ ተከታዩ ደግሞ ሽልማቱን ከሸላሚው ጋር አብሮ ይቀብራል። ለዐድዋ ድል የሐረርን ጦር ይዘው የዘመቱት የራስ መኰንን ሐውልት እንኳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ተገርስሷል። ወንጀለኛን መንግሥት መክሰስና ምሽግ ውስጥ የቆመን መኰንን መካድ አንድ ናቸውን? የአጎቴ ልጅ ሐዘን እውነት ነው፤ ማንም «እርሳው» ሊለው አይገባም። ነገር ግን በዚያ ኅዳር ጠላት ወደ ሐረር ሲቃረብ፣ በጀጎል ውስጥ የእርሱም እናት ነበረች።

ሜዳዩ አሁን እኔ ዘንድ ነው። የአጎቴ ልጅ በጠየቀኝ ቀን እሰጠዋለሁ። እስካሁን አልጠየቀኝም።